የወንድሜን ናይትሮ ባጊ ወደ ባትሪ ስቀይራት

ሞተሩን የፈታሁ ለት ማታ ሪሞት መኪናዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዝም ብዬ ሳያት አመሸሁ። አራት ጎማ፣ ሦስት ዲፈረንሻል፣ መሀሉ ባዶ የሆነ ረጅም የአሉሚኒየም ሻንሲ፣ ከዛ በቃ ቀዳዳ ብቻ። አንዱ የሞተሩ ቡሎን ሚገባበት፣ ሌላው የነዳጅ ታንከሩ፣ እዛ ጥግ ያለው የማርሚታው መያዣ፣ መሀል ላይ ደሞ ሞላላ ሆኖ ሰፋ ያለው ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ዘንግ ጋር ሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ከስር ብቅ ሚልበት። ስንት አመት የማውቃት መኪና ናት ግን እንደዛ ባዶዋን አይቻት አላውቅም ነበር። ያኔ ነው የገባኝ፣ ሞተር ልቀይር ብዬ የጀመርኩት ስራ የሞተር ለውጥ ብቻ አይደለም። ክብደቷ የት እንደሚያርፍ፣ ሙቀቷ በየት እንደሚወጣ፣ ስትቆም በምን እንደምትቆም፣ ሁሉም የተወሰነው ያንን ሞተር እያዩ ነው። እሱ ሲወጣ ሁሉንም እንደ አዲስ ማሰብ የኔ ስራ ሆነ።

መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ናት። አንድ ስምንተኛ ስኬል ናይትሮ ባጊ፣ ማለትም ናይትሮሜቴን ያለበት ነዳጅ ምትጠጣ የሜዳ መኪና፣ 3.5 ሲሲ ሞተር፣ 125 ሲሲ ታንከር፣ አራቱም ጎማ ሚጎትት። እሱ ነው የገዛት፣ ካርቡሬተር ማስተካከልም ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ከዛ ራቅ ብሎ መኖር ሲጀምር ለኔ ትቷት ሄደ። ናይትሮን ለብቻው ሚነዳ ሰው ሞልቷል፣ እኛ ቤት ግን የሁለት ሰው ስራ ነበር። እሱ መኪናዋን ማስነሻ ሳጥኑ ላይ ጫን አድርጎ ይይዛታል፣ የሳጥኑ ጎማ በዛች ሞላላ ቀዳዳ በኩል ፍላይዊሉን ነክቶ ያዞረዋል፣ እኔ ደሞ የካንዴላ ማሞቂያው መያዣ ላልቶ ስለነበር በጣቴ ደግፌ እይዘዋለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ሳል ሳል ይላል፣ ከዛ ድንገት ያ ቀጭን ጩኸት ይወጣና ሰማያዊ ጭስ ይለቃል፣ «ተነሳች!» እንላለን ሁለታችንም እኩል። ማን ቀድሞ እንዳለው አንድም ቀን ለይተን አናውቅም።

ስለ ካንዴላው ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እኔ ናይትሮን የወደድኩት በሱ በኩል ነው። እንደ ቤንዚን መኪና ካንዴላ ብልጭታ አይሰጥም። ውስጡ ፕላቲነም ያለባት ቀጭን የተጠቀለለች ሽቦ አለች፣ መጀመሪያ 1.2 ወይ 1.5 ቮልት ሰጥተሃት ትግላለች፣ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ማሞቂያውን ታነሳዋለህ፣ እሷ ግን እንደጋለች ትቀጥላለች። ማን ነው ሚያግላት? በያንዳንዱ ዙር ከሚፈጠረው ፍንዳታ ሙቀት ሌላ፣ ሜታኖል ፕላቲነም ላይ ሲደርስ እዛው ላይ እየተቃጠለ ሙቀት ይሰጣል። ሀምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1817 የሞቀ የፕላቲነም ሽቦ ተቀጣጣይ ጋዝና አየር ሲያገኝ ነበልባል ሳይኖር ግሎ እንደሚቆይ አይቶት ነበር፣ እና ያ ነገር እኛ ጓሮ ጣት በምታህል ሞተር ውስጥ በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ እየዞረ ሲሰራ ማየት እስካሁን ይደንቀኛል። ነዳጁ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴን እና ዘይት ነው፣ ናይትሮሜቴኑ የራሱን ኦክስጅን ይዞ ስለሚመጣ ሞተሩ በሳበው አየር ላይ ብቻ አይወሰንም፣ ዘይቱ ደሞ ከነዳጁ ጋር ገብቶ ሞተሩን እያለሰለሰ ከጭሱ ጋር ይወጣል። መኪናዋ ሁሌ ቅባት በቅባት ምትሆነው ለዛ ነው።

ሞተሩ እንዴት ሞተ? አልተሰበረም። አለቀ። እንደዚህ አይነት ሞተር ፒስተኑ ፋሻ (ዙሪያውን ሚይዝ ቀለበት) የለውም፣ ሲሊንደሩ ከላይ በጣም ትንሽ ጠበብ ብሎ ነው ሚሰራው፣ ስለዚህ ሲቀዘቅዝ ፍላይዊሉን በእጅህ ብታዞረው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጭብጥ አድርጎ ይይዝሃል። ሲሞቅ ሲሊንደሩ ከፒስተኑ በላይ ይሰፋና ልክ ይመጣል። ሞተሩ የተሰራው ለሙቀቱ ነው ማለት ነው፣ ወንድሜ ሙቀት መለኪያውን ጭንቅላቱ ላይ እየደቀነ ከ100 ዲግሪ በታች ካሳየው አይነዳትም ነበር፣ ነዳጁን ሚመጥነውን የካርቡሬተር መርፌ ትንሽ ያጠብቃል፣ አንድ ዙር አስነድቶኝ መልሶ ይለካል። ባለፈው ጊዜ ፍላይዊሉን ሳዞረው ያ ጭብጥ የለም። ሸርተት ብሎ አለፈ። ቀዝቃዛ ሆኖ ትነሳና ልክ ስትሞቅ ትጠፋለች፣ ድጋሚ አስነሳለሁ፣ ድጋሚ ትጠፋለች። ፒስተንና ሲሊንደር ብቻ መቀየር ይቻላል፣ ግን ነዳጁንም ማግኘት እየከበደኝ፣ ጩኸቱም ሰው እያስቸገረ፣ መኪናዋ ከምትሄድበት ቀን መደርደሪያ ላይ ምትቀመጥበት ቀን እየበለጠ ነበር። እና ደሞ ያንን ማሞቂያ ሚይዝልኝ ሰው የለም።

ደወልኩለት። «ባትሪ ላረጋት ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ሞተሩን ግን እንዳትጥለው» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም፣ ከዛ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

መጀመሪያ እጥበት። ይሄን ቀላል አድርገው ሚያልፉ ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን ሙሉ ቀን ነው የወሰደብኝ፣ የአመታት ዘይት ከአቧራ ጋር ተጋግሮ የሆነ ጥቁር ሊጥ ሰርቷል፣ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል እየፈተግኩ ነው ያወጣሁት። ኩሺኔታዎቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው፣ በጣት ሲዞሩ ሻካራ ሚሉትን ቀየርኩ። ለኤሌክትሪክ ንጹህ መሆኑ የግድ ነው፣ ምክንያቱም በዘይት የራሰ ሻንሲ ላይ ሁለት ፊት ያለው ማጣበቂያ አይዝም፣ ስፒድ ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ ሚሄደውን ሚቆጣጠረው) ደሞ ሚቀመጠው በማጣበቂያ ነው።

ከዛ ማርሹ። መሀለኛው ዲፈረንሻል ላይ ያለው ትልቁ ጥርስ እዛው እንዲቀር ፈልጌያለሁ፣ ስለዚህ አዲሱ ሞተር ላይ ምትገባው ትንሿ ማርሽ፣ ፒንየን ሚሏት፣ ጥርሷ ከሱ ጋር መግጠም አለባት። የጥርሱን መጠን እንዴት ታውቃለህ ላለኝ ሰው መልሱ ቀላል ነው፣ ጥርሱን ቁጠር፣ 46 ነው፣ 2 ጨምርበት፣ 48 ይሆናል። ከዛ ዳር እስከ ዳሩን በካሊፐር ለካው፣ 48 ሚሊሜትር ካለህ ሞጁል 1 (ሞጁል የጥርሱ መጠን መለኪያ ነው) ማለት ነው። የኔ ልክ 48 ነበር። የድሮው ክላች ቤልም (ፍሪሲዮኑ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ቆብ) 13 ጥርስ ሞጁል 1 ነበረ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ቆም ብዬ አሰብኩ። ናይትሮ ፍሪሲዮን ሚያስፈልገው ለምንድነው? ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ጉልበት የለውም፣ መኪናዋ ስትቆም ደሞ እሱ ካቆመ መልሶ በራሱ አይነሳም፣ ስለዚህ ለብቻው እየዞረ ይጠብቃል፣ ዙሩ ከፍ ሲል የፍሪሲዮኑ ጫማዎች ወደ ውጪ ተወርውረው ቤሉን ይይዛሉ። ኤሌክትሪክ ሞተር ከዜሮ ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጥሃል። ፍሪሲዮን የለም፣ ፍላይዊል የለም፣ ከሞተሩ ዘንግ ቀጥታ ወደ ማርሹ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ሙሉ እቃ ነው ያነሳሁት፣ የሁሉም ስራ አንድ ብቻ ነበር፣ ሞተሩ ሳይጠፋ መኪናዋ እንድትቆም ማድረግ።

የመረጥኩት ሞተር 2000 ኬቪ ብረሽለስ (ውስጡ ካርቦን ብሩሽ የሌለው) ነው፣ ባትሪው ፎር ኤስ ሊፖ፣ አራት የሊቲየም ሴል በተከታታይ። ኬቪ ማለት ጭነት ሳይኖርበት በአንድ ቮልት ስንት ዙር እንደሚዞር ነው፣ ፎር ኤስ ደሞ 14.8 ቮልት ነው፣ ስለዚህ 29,600 ዙር በደቂቃ፣ ለድሮው ሞተር ሚቀርብ ቁጥር ነው። ሆን ብዬ ነው፣ ማርሹ የተሰራው ለዛ ዙር ነውና።

ሞተር መያዣ ተዘጋጅቶ ሚሸጥ አለ፣ ለዚች ሻንሲ ልክ ሚሆን ግን አላገኘሁም፣ ስለዚህ ከወፍራም ባለ ማዕዘን አሉሚኒየም ነው የሰራሁት። ሞርሳ ላይ አስሬ በመጋዝ ቆረጥኩ፣ በሊማ አስተካከልኩ፣ የሞተሩን የፊት ቀዳዳዎች በወረቀት ላይ ገልብጬ በትራፓኖ በሳሁ። ዋናው ነገር ቀዳዳዎቹ ክብ ሳይሆኑ ረዘም ያሉ እንዲሆኑ ነው፣ ምክንያቱም ፒንየን በቀየርክ ቁጥር ሞተሩ ወደ ትልቁ ጥርስ መጠጋት ወይ መራቅ አለበት። ርቀቱን በዓይን አይደለም ምታስተካክለው፣ አንድ ቀጭን ወረቀት ቆርጠህ በሁለቱ ጥርሶች መሀል ታስገባለህ፣ ሞተሩን ገፋ አድርገህ ቡሎኑን ታጠብቃለህ፣ ከዛ ወረቀቱን አዙረህ ታወጣዋለህ። ወረቀቱ እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ ግን ሳይቀደድ ከወጣ ልክ ነው። ይሄንንም ያስተማረኝ ወንድሜ ነው፣ ለክላች ቤሉ እንደዚህ ያደርግ ነበር፣ ወረቀቷን ካወጣ በኋላ ወደ ብርሃን አንስቶ ጥርሶቹ የተዉትን መስመር ያይ ነበር፣ መስመሮቹ እኩል ካልሆኑ ሞተሩ ጠማማ ነው። እኔም አንስቼ አየሁ። ጠማማ ነበር፣ በአንዱ በኩል ይጫናል፣ አንድ ጊዜ ፈትቼ በሊማ ትንሽ ነካ አድርጌ መለስኩት።

ከታች ያለችውን ሞላላ ቀዳዳ በ1.5 ሚሊሜትር ላሜራ ዘጋኋት፣ አለበለዚያ ጠጠር ገብቶ ማርሹን ይበላዋል።

ክብደት ላይ ግን ብዙ ቆየሁ። ናይትሮዋ ላይ ሞተሩ በአንድ በኩል፣ ታንከሩ በሌላው በኩል ነበር፣ ታንከሩ ሲሞላ ነዳጁ ወደ 110 ግራም ይሆናል፣ እየነዳህ እያለቀ ይሄዳል፣ ስለዚህ መኪናዋ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አንድ አይነት አትነዳም፣ ወንድሜ ይሄን በጣቱ ያውቀው ነበር። ባትሪው ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው፣ እና ባዶ ሆነ ሙሉ ክብደቱ ያው ነው። አንድ ቦታ ካስቀመጥከው እዛው ነው። ሻንሲውን ከፊትና ከኋላ መሀል ለመሀል በሁለት ካቻቢቴ ጫፍ አነሳሁት፣ ወደ አንድ ጎን ከተንጋደደ ያ ጎን ከብዷል ማለት ነው። መጀመሪያ ሞተሩ በኩል ነበር ሚያዘነብለው፣ ባትሪውን አንድ ጣት ያህል ወደ ውጪ አወጣሁ፣ ስፒድ ኮንትሮለሩን ወደ ባትሪው በኩል አዞርኩ፣ እንደገና አነሳሁ። ስድስት ሰባት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። መጨረሻ ላይ በሁለቱ ጫፎች ላይ ቀጥ ብላ ተንሳፍፋ ስትቆም የሆነ ደስታ ተሰማኝ፣ እስካሁን ምንም አልነዳሁም ግን መኪናዋ የሆነች ነገር ሆናለች።

ስለ ብየዳው። ወፍራም ሽቦ ሙቀት ይጠጣል። ለሬዲዮ ምናምን ምትጠቀምበት ትንሽ ብየዳ ብረት እዚህ አይሰራም፣ ስታኞው ከላይ ይቀልጥና ውስጥ ሳይገባ ይደርቃል፣ ግራጫና ሻካራ ሆኖ ታየዋለህ፣ በትንሹ ስትጎትተው እንኳ ላይወጣ ይችላል ግን ብዙ አምፔር ሲያልፍበት ይግላል። 100 ዋት ብረት በሰፊ ጫፍ ተጠቀምኩ፣ ሽቦውንም ኮኔክተሩንም ለየብቻ ስታኞ አልብሼ ነው ያገናኘሁት፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት አበራ። ባትሪው ላይ ኮኔክተር ምትቀይሩ ከሆነ እባካችሁ አንዱን ሽቦ ቆርጣችሁ፣ በይዳችሁ፣ ሸፍናችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው ሌላውን ምትነኩት። ሁለቱን አንዴ በመቀስ ብትቆርጡ መቀሱ ራሱ ሁለቱን ያገናኛቸዋል፣ 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ 50 ሲ (የአቅሙን 50 እጥፍ በአምፔር) ተብሎ የተጻፈበት ባትሪ በወረቀት ላይ 250 አምፔር ይሰጣል ማለት ነው፣ ያ ሁሉ መቀሱ ውስጥ ነው ሚያልፈው።

ከሞተሩ ሚወጡት ሦስት ሽቦዎች ግን አያስጨንቁም። ሴንሰር የሌለው ሞተር ከሆነ እንደፈለግክ ታገናኛለህ፣ ወደ ኋላ ከዞረ ከሦስቱ ሁለቱን ታቀያይራለህ፣ አለቀ።

ፍሬን። ናይትሮዋ ላይ ጋዙንም ፍሬኑንም ሚሰራው አንድ ሰርቮ (በሪሞቱ ትዕዛዝ ክንድ ሚያዞር ትንሽ ሞተር) ነው፣ ወደ አንድ ጎን ሲዞር ካርቡሬተሩን ይከፍታል፣ ወደ ሌላው ሲዞር መሀለኛው ዲፈረንሻል ላይ ያሉትን ዲስኮች ይጨብጣል። ሰርቮው ሥራ ካቆመ ጋዙንም ፍሬኑንም ማዘዝ አትችልም። ይሄን እናውቀዋለን። አንድ ቀን የሪሲቨሩ (መኪናዋ ላይ የሪሞቱን ሲግናል ሚቀበለው) ባትሪ ደክሞ ኖሮ ወንድሜ ሙሉ ጋዝ እንደሰጣት ሰርቮው እዛው ላይ ቀረ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ እየጮኸች ሄደች፣ እሱ ሪሞቱን ይዞ እየሮጠ፣ እኔ ከኋላው፣ ግንቡ ጋ እስክትደርስ ማንም ምንም ማድረግ አልቻለም። የፊት ክንዷ ተሰበረ፣ ሻንሲው ከፊት በኩል ትንሽ ተቆለመመ፣ ቁልምሙ ዛሬም አለ፣ ሳጥባት ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ያን ቀን አስፈሪው ነገር መኪናዋ አልነበረችም፣ ከግንቡ በፊት ሰው ቢኖር ምን ይሆን ነበር ሚለው ነው፣ ሦስት ኪሎ ምናምን ሚመዝን ነገር ነው በዛ ፍጥነት ሚሄደው። ከዛ በኋላ ካርቡሬተሩን ሚዘጋ ሞላ ገጠምንለት።

አሁን ጋዙን ሚይዘው ስፒድ ኮንትሮለሩ ነው፣ ሪሲቨሩም ለብቻው ባትሪ የለውም፣ ከዛው ከዋናው ባትሪ ወደ 6 ቮልት ተቀንሶ ይመጣለታል። ሲግናል ከጠፋ ሞተሩን ያቆመዋል። ግን እንዲሁ አምኜ አልወጣሁም፣ ጎማዎቹን ከመሬት አንስቼ፣ ትንሽ ጋዝ ይዤ ሪሞቱን አጠፋሁት። ቆሙ። አበራሁ፣ ደገምኩ፣ ቆሙ። አምስት ጊዜ ሞከርኩት። ማንም ሰው ሪሞት መኪና ከመንዳቱ በፊት ይሄን ይሞክር ነው ምለው፣ ናይትሮም ይሁን ኤሌክትሪክ።

ፍሬኑ ራሱ ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ጀነሬተር ይሆንና የጎማዎቹን ጉልበት መልሶ ይበላዋል። ዲስኮቹን አወጣኋቸው። መጀመሪያ ላይ የፍሬኑን ኃይል በጣም ዝቅ አድርጌ ነው የጀመርኩት፣ ምክንያቱም የዲስክ ፍሬን ቀስ እያለ ነው ሚይዘው፣ ይሄኛው ግን ከፍ ካደረግከው ጎማዎቹን ቆልፎ መኪናዋን ያዞራታል።

መጀመሪያ የነዳኋት ቀን፣ ማለዳ ነበር ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ፣ ኮኔክተሩን ሰካሁት፣ ጢክ አለ፣ ሞተሩ በራሱ ቃና ሦስት ጊዜ ጮኸ፣ ከዛ ዝም። እጄ ማሞቂያውን ሊፈልግ ሄደ። እውነቴን ነው፣ ኪሴ ውስጥ ገባ። ምንም ሚነሳ ነገር የለም፣ ዝም ብላ ቆማለች ግን ዝግጁ ናት። ጋዝ ትንሽ ነካ ሳደርግ አፈር ተወረወረና ሄደች። ናይትሮ ጋዝ ስትሰጠው ትንሽ ያስባል፣ ፍሪሲዮኑ እስኪይዝ፣ ዙሩ እስኪወጣ፣ ወንድሜ ያቺን መዘግየት ቀድሞ አስቦ ነበር ከመታጠፊያ ሚወጣው። እኔም እንደዛ ነው የተማርኩት። ይቺ ግን አትጠብቅም፣ እኔ ቀድሜ ስሰጣት ወዲያው ሄዳ ተገለበጠች፣ ደጋግማ ተገለበጠች፣ ጣቴን እንደ አዲስ ማስተማር ነበረብኝ። የፊት ጎማዎቹም ስትነሳ ከመሬት እየቀለሉ በባዶ ይዞሩ ነበር፣ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ቀለለው ይሄዳል ዲፈረንሻል ስለሆነ። መሀለኛውን ፈትቼ ዘይቱን በውፍረት ቁጥሩ ከ5,000 ወደ 10,000 አወፈርኩት፣ ረጋ አለች።

ከዛ ሙቀቱ መጣ።

በ18 ጥርስ ፒንየን ነበር የጀመርኩት። 46 ለ18፣ ከዛ የፊትና የኋላው ማርሽ 4.3 ለ1፣ የጎማዬ ዙሪያ 355 ሚሊሜትር ነው፣ ስታሰላው ጭነት ሳይኖር ወደ 57 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይመጣል። ወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ሜዳው ላይ ግን ሳርና ልቅ አፈር ነው፣ ስድስት ደቂቃ ያህል ነድቼ አቆምኳትና በልምድ ያንኑ የድሮ ሙቀት መለኪያ አውጥቼ ሞተሩ ላይ ደቀንኩ። 104 ዲግሪ። እና ምን ተሰማኝ መሰላችሁ፣ «ጥሩ ነው» አልኩ። በልቤ። ለአመታት 104 ማለት ጥሩ ነው ማለት ነበር፣ ወንድሜ 104 ሲያይ ፈገግ ይል ነበር፣ ነዳጁ ልክ ነው፣ መርፌው ልክ ነው፣ ሲሊንደሩ ሰፍቶ ልኩን ይዟል። ቁጥሩ ያው ነው፣ መለኪያው ያው ነው፣ ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። ኤሌክትሪክ ሞተር ሙቀት አይፈልግም። እዚህ ሙቀት ማለት ከባትሪው ወጥቶ ጎማው ጋ ያልደረሰ ጉልበት ነው፣ የውስጡ ማግኔት ሲሞቅ ይደክማል፣ ካለፈ ደሞ ሲቀዘቅዝም አይመለስም፣ የሽቦው ሽፋንም ይቃጠላል። ከ80 እንዳያልፍ ነው ሚመከረው። ገብቶኝ እጄ ቀዘቀዘ፣ ቶሎ ኮኔክተሩን ነቀልኩ፣ ከላይ ቀፎውን አንስቼ ሞተሩን በካርቶን እያራገብኩ ተቀመጥኩ። የሚቃጠል ቫርኒሽ ሽታ ነበረ፣ ቀላል ግን ነበረ።

የሳትኩት ማርሹን ነው። ትልቅ ፒንየን ማለት በቢስክሌት ከባድ ማርሽ ይዞ ዳገት መውጣት ነው፣ ሞተሩ ዙር ማግኘት አቅቶት አምፔር ይስባል፣ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሽቦው ላይ ሚባክነው ሙቀት አራት እጥፍ ነው ሚሆነው። 14 ጥርስ አስገባሁ፣ በስሌት ወደ 45 ኪሎ ሜትር ወረደች። የፒንየኗን ቡሎን የዘንጉ ጠፍጣፋ ጎን ላይ አሳርፌ ማጣበቂያ አድርጌ አጠበቅኩ፣ ወረቀቱን መሀል አስገብቼ እንደገና አስተካከልኩ። በቀጣዩ ቀን እዛው ሜዳ፣ እዛው ስድስት ደቂቃ፣ 66። ከመታጠፊያ ስትወጣ እንዲያውም ከበፊቱ ፈጠነች፣ ቀጥታው ላይ ነው ትንሽ ያጣችው፣ እኔ ደሞ ባጊ ምነዳው ለመታጠፊያው ነው።

ከናይትሮ ወደዚህ ሚመጣ ሰው ባትሪውን እንደ ነዳጅ ካየው ይሳሳታል። ነዳጅ አፍስሰህ ትጨርሰዋለህ፣ ባትሪን ጨርሰህ ማውጣት የለብህም። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከ3 በታች ከወረደ ይጎዳል፣ እኔ ስፒድ ኮንትሮለሩን 3.4 ላይ እንዲያቆም አድርጌዋለሁ። ማልነዳ ከሆነ በ3.8 ነው ማስቀምጠው። ቻርጅ ሳደርግ ሴሎቹ እኩል እንዲሞሉ በባላንስ ነው፣ እሳት ሚይዝ ነገር የሌለበት ቦታ፣ እኔ እያየሁት፣ ካበጠ ወይ ከተወጋ አልጠቀምበትም። የሜታኖል አደጋ ሌላ ነበር፣ መርዝ ነው፣ በቆዳ ይገባል፣ እሳቱም በቀን ብርሃን አይታይም፣ ወንድሜ ያለ ጓንት እንድነካው አይፈቅድልኝም ነበር። እና ሁለቱን ካነሳሁ አይቀር አንድ ስሌት ሰርቼ ነበር። ባትሪዬ 14.8 ሲባዛ በ5 አምፔር ሰዓት፣ 74 ዋት ሰዓት፣ ወደ 266 ሺህ ጁል ነው። አንድ ታንከር ነዳጅ ውስጥ ያለው ሜታኖል ብቻ 1.3 ሚሊዮን ጁል አካባቢ ይይዛል። አምስት እጥፍ! ግን ሜዳ ላይ ሚቆዩት ጊዜ ብዙ አይራራቅም። አብዛኛው የናይትሮው ጉልበት በጭንቅላቱ ክንፎችና በማርሚታው በኩል ሙቀት፣ ጭስና ጩኸት ሆኖ ይወጣ ነበር። ያ እኛ ምንወደው ጩኸት እኮ ጎማው ጋ ያልደረሰው ነው።

ቢሆንም ጩኸቱ ይናፍቀኛል። ለጌጥ አልነበረም፣ ወሬ ነበር። ድምጹ ሲሳሳ ነዳጅ አንሷታል፣ ሲያጉረመርም በዝቶባታል፣ ጭሱ ከሌለ ቶሎ አቁማት። መኪናዋ ከሀምሳ ሜትር ርቀት ላይ ሆና ትነግረናለች። አሁን ምሰማው የማርሹን ፉጨትና የጎማውን አፈር መምታት ነው፣ እና ቀስ በቀስ እሱንም መስማት እየለመድኩ ነው፣ ጥርሱ ውስጥ ጠጠር ሲገባ፣ አንዱ ኩሺኔታ ሲደርቅ፣ ድሮ ጩኸቱ ይሸፍነው የነበረ ነገር ሁሉ ይሰማል። የኋላው ግራ ኩሺኔታ እንደሄደ ያወቅኩት በጆሮዬ ነው፣ ናይትሮ ቢሆን ኖሮ ተሰብሮ ነበር ማውቀው።

ሞተሩን አልጣልኩትም። ውስጡን አጽድቼ፣ ዘይት አንጠባጥቤ በእጄ አዙሬ አዳርሼ፣ ካርቡሬተሩን በጨርቅ ዘግቼ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ማሞቂያውም አብሮ አለ፣ ያ መያዣው የላላው።

ባለፈው ሜዳ ላይ እያለሁ ወንድሜ ደወለ። እየነዳሁ እንደሆነ ስነግረው «እስኪ አሰማኝ» አለኝ። ስልኩን ስፒከር አድርጌ ሪሞቱ ጎን ያዝኩትና አንድ ዙር ወስጄ አጠገቤ አሳለፍኳት፣ ፉጨቷ መጥቶ አለፈና ራቀ። ምንም ስላላለ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ተነሳች?» አለ።

«አሁን አጠገቤ አለፈች እኮ» አልኩት።

«በቃ እሷ ነበረች?»

«እሷ ናት።»

«አሳልፋት እስኪ ድጋሚ» አለኝ፣ እኔም ከመታጠፊያው አውጥቼ ወደ ስልኩ አመጣኋት።